በገደል የተከበበው ደሴት
የስሜን ተራሮች ጉዞ

ደሴት የሚለውን ቃል ስንሰማ ሁላችንም አስቀድመን የምናስበው በውሃ የተከበበ ምድር ነው። ጎንደር ላደግን ሰዎች ደግሞ ደሴት ማለት የጣና ገዳማት ናቸው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ፥ ጣና ቂርቆስ፥ ክብራን ገብርኤል በስም ሲጠሩ ታንኳውና ሞገዱ፥ ዛፉና ዕጣኑ ባንድነት በዐይነ ኅሊናችን ይመጣሉ። በዙሪያው ያለው ደን ሲመነጠር በእነዚህ ደሴቶች ላይ ዛፉ ቆሞ የቀረው ውሃውና የገዳሙ ሥርዐት ስለ ጠበቁት እንደ ሆነ አንባቢያችን ያውቃል። ዛሬ ልናወራ ያሰብነው ግን ውሃ ስለማይዞረው፥ በገደል ብቻ ስለ ተከበበ ሌላ ደሴት ነው። እርሱም ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን በግማሽ ቀን የመኪና መንገድ የሚደረስበት የስሜን ተራራ ነው።

ደሴት ማለታችን ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። ዋልያ የተባለው የተራራ ፍየል በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር ሌላ አገር የለውም። ብርድ የለመደ፥ ገደል የተማመነ እንስሳ ስለ ሆነ ወደ ቆላ ወርዶ፥ የተከዜን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ሌላ ተራራ መሰደድ አይሆንለትም። ቀይ ቀበሮም እንደዚሁ ነው። በባሌ፥ በአርሲ፥ በወሎ፥ በመንዝ ጓሳና በስሜን ይገኛል፤ ነገር ግን የአንዱ ተራራ ቀበሮ የሌላውን ተራራ ቀበሮ አይገናኝም፤ በመካከላቸው ያለው እርሻና ሙቀት እንደ ባሕር ሆኖባቸዋል። በአገራችን ያሉት ጎልማሶች ሁሉ ቢቈጠሩ 500 ያህል ቢሆኑ ነው። የጀርመኑ ሊቅ ሩፔል ይህን ቀበሮ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840 ለሳይንስ ዓለም ሲያስታውቅ ካኒስ ሲሜንሲስ፥ ማለትም የስሜን ውሻ ብሎ ሰይሞታል። እንግዲህ የእኛ ተራራ ስም በዓለም መጻሕፍት ሁሉ ተጽፎ ሳለ፥ ከጎንደር ልጆች መካከል ተራራውን በዐይኑ ያየ ስንቱ ነው?

እኛ የሄድነው በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ማብቂያ፥ የጥምቀት በዓል አልፎ የትምህርት ቤቱ የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት በሆነ ጊዜ ነው። አራት መምህራን ነበርን። ማለዳ ከጎንደር ተነሥተን በኮሶዬ፥ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፈን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጒዘን ደባርቅ ደረስን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በዚያ ነው፤ የመግቢያውን ገንዘብ ከፍለን፥ መንገድ መሪና ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ተሰጠን፤ ለድንኳንና ለስንቅ የሚሆን በቅሎ ተከራየን። በዚያ ቀን በግቢው ካገኘናቸው ጎብኚዎች የሚበዙት ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ። ጸሐፊውም እኛን ሲያይ ለሥራ የመጣን መስሎት ነበርና፥ ለማየት ብቻ እንደ መጣን ስንነግረው ደስ ብሎት ከወንበሩ ተነሣ።

ይህ ተራራ ከጥንት ጀምሮ መሸሸጊያ ነበረ። በአዱሊስ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ የነበረውና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፥ ከዓባይ ማዶ በረዶ በተከመረባቸው ተራሮች ላይ ስለሚኖሩ የስሜን ሰዎች ይናገራል፤ በረዶው እስከ ጕልበት ያሰጥማል ይላል። ቤተ እስራኤል እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ድረስ በእነዚህ አምባዎች ላይ ተጠግተው ነጻነታቸውን ጠብቀው ኖረዋል። ማሕሌታዩ ቅዱስ ያሬድም አክሱምን ትቶ ወደ ስሜን እንደ ገባና በዚያ እንደ ተሰወረ፥ በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን በዓሉን የምናከብር ሁሉ የምናውቀው ነው። ከፓርኩ በስተ ምሥራቅ ደቡብ በጃናሞራ በኩል ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ውቤን ድል አድርገው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚያ ነው። እኛ ግን በዚህ ጉዞ እስከዚያ አልዘለቅንም።

የመጀመሪያውን ሌሊት በ3,250 ሜትር ከፍታ በሳንቃበር አደርን። ድንኳን ተክሎ ማደር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጥንት የነገሥታቱ ከተማ ራሱ ድንኳን ነበረ፤ ዛሬም በየሠርጋችንና በየሐዘናችን ድንኳን እንተክላለን። አዲስ የሆነብን ብርዱ ነው። ሁለት ጋቢ ደርበን ተኝተን ሳለ ጠዋት በሣሩ ላይ ዐመዳይ ተነጥፎ አገኘነው፤ በማሰሮ የተቀመጠውም ውሃ በላዩ ስስ በረዶ ይዞ ነበር።

ፀሓይ ስትወጣ ጭላዶች ከገደሉ መውጣት ጀመሩ። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ነብርና ጅብ በማይደርስበት የገደል ከንፈር ላይ ተጣብቆ ነው፤ ሲነጋ እናቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው፥ ወጣቶቹ እየተሯሯጡ፥ ታላላቆቹ ወንዶች ጋማቸውን እንደ ጎፈር እያርገፈገፉ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሣር መልቀም። በመቀመጫቸው ተቀምጠው እንደ ተቀመጡ ወደ ፊት እየተንፏቀቁ፥ በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ ይበላሉ፤ እህል የምትለቅም ሴት እንኳ እንዲህ አትፈጥንም። ከዝንጀሮ ወገን በሣር ብቻ ለመኖር የቻለ ከጭላዳ በቀር የለም። በደረታቸው ላይ ጠጕር የሌለው ቀይ ቦታ ስላለ ፈረንጆች ልቡ የሚደማ ዝንጀሮ ይሉታል። እኛ ዝም ብለን ብንቀመጥ በዐሥር ርምጃ ርቀት ዙሪያችንን ከበው፥ ከቁም ነገር ሳይቈጥሩን መብላታቸውን ቀጠሉ። ከመካከላችን የሒሳብ መምህር የሆነው እስከ 200 ድረስ ቈጥሮ ተወው። ከጓዳችን ዳቦ ቈርሶ ሊሰጥ የቃጣውን ጠባቂው ከለከለው፤ የሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ገብስ ይደፍራል፥ የሚጎዳውም በድንጋይና በውሻ እርሱ ራሱ ነው አለው።

ከሳንቃበር ተነሥተን በእግር ወደ ግጭ አቀናን። በመንገድ የጅንባርን ፏፏቴ አየን፤ በበጋ ውሃው ቀጭን ነው፥ ገደሉ ግን 500 ሜትር ይጠልቃል፤ ድንጋይ የወረወረ ሰው ድምፁን ሳይሰማ ይቀራል። የአስታ ዛፎች ሽበት መስሎ የሚንጠለጠል ሽሮ በቅርንጫፋቸው ላይ አብቅለው ቆመዋል። ከዚያ በላይ ጓሳውና ጅባራው ይጀምራል።

ግጭ ስንደርስ ያየነውን ነገር በዝርዝር መጻፍ ይገባናል። በዚህ ከፍታ፥ በ3,600 ሜትር ገደማ፥ ለብዙ ትውልድ ሰዎች ይኖሩበት የነበረ መንደር ነበረ፤ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሆነው ገብስ እያረሱ፥ ከብትና በግ እያረቡ ይተዳደሩ ነበር። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ሲከለል እነርሱን በውስጡ አገኛቸው። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፥ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች መካከል ስሜንንና ላሊበላን ቈጠረ። ይሁን እንጂ እርሻው ወደ ላይ እየወጣ፥ ከብቱ እየበዛ፥ በፓርኩ መካከል መኪና መንገድ እየተቈረጠ፥ ዋልያውም እየተመናመነ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ይህም የሆነው የግጭ ሰዎች፥ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፥ በ2008 ዓ.ም. ካሣ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ከወረዱ በኋላ ነው።

እኛ ስናልፍ በቤቶቹ ቦታ የድንጋይ መሠረትና የፈረሰ የበረት ካብ ብቻ ቀርቶ ነበር። የእርሻው ቦይ ይታያል፤ በላዩ ሣር በቅሎበታል። በቅሎ የሚነዳልን ጐልማሳ የዚያው መንደር ልጅ ነበርና የአባቱ ቤት የነበረበትን በጣቱ አሳየን። ከደባርቅ ገበያው፥ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ቅርብ እንደ ሆነ፥ እርሻ የሌለው ሰው ግን በከተማ የሚውለው ውሎ እንደሚረዝም ነገረን። ስለ ዋልያ ውበት ስናወራ፥ ቦታውን የለቀቀለትን ሰው ስም ሳናነሣ ማለፍ ፍርድ አይሆንም ብለን እናምናለን። ለዓለም ሁሉ የተጠበቀው ሀብት ዋጋው በጥቂት ቤተሰቦች ትከሻ ላይ አርፏልና።

በሦስተኛው ቀን እሜት ጎጎ ወደሚባለው 3,926 ሜትር ከፍ ያለ አፋፍ ወጣን። በዚያ ቆሞ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። ከእግሩ ሥር መሬቱ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከታች ሹል ዓምዶችና የተቈረጡ አምባዎች እንደ ፈረሰ ከተማ ተበትነው ይታያሉ፤ ጭጋጉ ካልጋረደው በምዕራቡ በኩል ያለው ቆላ የዋልድባ መነኰሳት ቋርፍ እየበሉ ወደሚኖሩበት በረሃ የሚወስድ ነው። የመሬት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ ሁሉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ዓለት ሲሆን፥ እንዲህ የቀረጸው ዝናምና ወንዝ ነው። አንድ ትልቅ ጥንብ አንሣ ከበታቻችን ሲያንዣብብ ጀርባውን አየን፤ ይህ አጥንት ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ በድንጋይ ላይ እየጣለ ሰብሮ ቅልጥሙን የሚበላው ዐይነት ነው። አሞራን ከላይ ወደ ታች ማየት ለቈላና ለወይና ደጋ ሰው እንግዳ ነገር ነው።

ዋልያን ያየነው በእናትዬ በኩል አድርገን ወደ ጨነቅ ከወረድን በኋላ፥ ወደ ማታ ነው። አምስት ነበሩ። አንዱ ጢሙ የወረደ፥ ቀንዱ ከአንድ ሜትር በላይ ሆኖ ወደ ኋላ የተቀሰተ ሽማግሌ ወንድ፥ ሰው እጁን እንኳ ማሳረፍ በማይችልበት ጠርዝ ላይ ቆሞ ጅባራ ይቀጥፍ ነበር። የሚያምር ቀንዱ ነው ጠላት ያበዛበት፤ ድሮ ለመጠጫ ዋንጫ ይሠሩበት ነበር። ሁለት ጠቦቶች በገደሉ ላይ ሲዘሉ የእኛ ጕልበት ራደ እንጂ የእነርሱ አልራደም። በመዝሙረ ዳዊት 103 ስለ ረጃጅም ተራሮችና በዚያ ስለሚጠጉ እንስሶች የተጻፈውን ከልጅነት ጀምሮ ስናነበንብ ኖረን፥ ትርጓሜውን በዐይናችን ያየነው ያን ምሽት ነው።

የቧሂትንና የራስ ደጀንን ጫፍ ከሩቅ ብቻ ተመለከትን። ራስ ደጀን በዛሬው ልኬት 4,550 ሜትር ያህል ነው፤ እኛ በተማሪነታችን የሸመደድነው 4,620 ነበር።

ከተመለስን ሁለት ወር ሳይሞላ፥ በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ፥ በተራራው ላይ እሳት ተነሥቶ ብዙ ጓሳና አስታ አቃጠለ። የአካባቢው ገበሬ በቅጠልና በአፈር ሲታገለው ሰነበተ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች መጡ። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ገጠሮች ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ፤ ጎብኚው ራቀ፥ ጥበቃውም ተዳከመ። የዋልያው ቍጥር በ1950ዎቹ ከ200 አይበልጥም ተብሎ ይገመት የነበረው፥ በ2007 ዓ.ም. አካባቢ ከ800 በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የተነገረው ግን 300 ገደማ ነው። በባሕር ላይ ያለ ደሴት የሞተበትን እንስሳ ከሌላ ምድር ሊተካ ይችል ይሆናል፤ ዋልያ ግን የሚመጣበት ሌላ ተራራ የለም።

ልጆቹን ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ የመንገዱንና የአገሩን ሰላም ከደባርቅ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ከመስከረም ማብቂያ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ አበባ ማየት የሚወድ ከክረምቱ እንደ ወጣ፥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ማየት የሚወድ በታኅሣሥና በጥር ይሂድ። ለሕፃናትና ለሽማግሎች እስከ ሳንቃበር በመኪና ሄዶ፥ ጭላዶቹን አይቶ በዚያው ቀን መመለስ ይበቃል። ከፍታው ራስ ያዞራልና የመጀመሪያውን ቀን በዝግታ መራመድ፥ ውሃ አብዝቶ መጠጣት ነው፤ ራስ ምታቱ ከበረታ ወደ ታች ከመውረድ የተሻለ መድኀኒት የለውም። ለስንቅ በሶ፥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃሉ፤ ለረቡዕና ለዓርብም ይስማማሉ። ማገዶ ግን ከአስታው መቍረጥ ክልክል ስለ ሆነ ምድጃና ጋዝ ከጎንደር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ጋቢውን ሁለት፥ ቢቻል ሦስት ያድርጉት።