የጉልበት ሒሳብ

ወንድሜ ከዴንቨር የደወለልኝ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ ሁልጊዜ መርዶ ያዘለ ስለሚመስለኝ ልቤ እየመታ አነሣሁት። መርዶ አልነበረም። «ስማ፣ አንተ የባንክ ሰው አይደለህ? እስቲ አንድ ነገር አስላልኝ» አለኝ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና ሊገዛ አስቧል። ጥያቄውም ሁለት ነው፤ በምን ኃይል የምትሄደው ትሻላለች? ማርሿስ በእጅ ይሁን ወይስ አውቶማቲክ?

ጋሼ በዕድሜ 12 ዓመት ይበልጠኛል። ላለፉት 17 ዓመታት ከአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። መኪና ለእርሱ እንጀራ እንጂ ጌጥ ሆኖለት አያውቅም። እናም ደነገጥሁ፤ ከድንጋጤዬም ወደማውቀው ነገር ሸሸሁ፤ ወደ ሠንጠረዥ።

የምሠራው በብድር ክፍል ነው። ሰዎች ሕልማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ በዓምድና በረድፍ አስፍሬ እመልስላቸዋለሁ። የጋሼንም ሕልም በማግሥቱ ማታ እንደዚያው አደረግሁት።

በመጀመሪያው ረድፍ ናፍጣን አሰፈርሁ። የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ብርቱ ነው፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ጀርመኖች ጣሪያቸው ለሚታጠፍ መኪኖች ሳይቀር ገጥመውት ነበር። ይሁንና ሞተሩ ከባድ ነው፤ ድምፁም ጣሪያ በሌለበት መኪና ውስጥ ከሹፌሩ ጋር አብሮ ይቀመጣል። ለረጅም መንገድ እንጂ ለእሑድ ሽርሽር የተፈጠረ አይደለም። ሰረዝሁት።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ መጣ። ድምፅ የለውም፤ ገና ሲነኩት ይወረወራል። ችግሩ ባትሪው ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ገበያ ላይ የዋለችው ኤም ጂ ሳይበርስተር ወደ 2 ሺህ ኪሎ ግራም ትጠጋለች፤ አሜሪካም አትሸጥም። በ1989 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችውና ጋሼ ዓይኑን የጣለባት ማዝዳ ሚያታ ግን፣ ዛሬም ከ1,100 ኪሎ ግራም ብዙ አትርቅም። ደግሞም የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ሌሎቹ የሚቀያየር ማርሽ የለውም፤ አንዱ ይበቃዋል። ስለዚህ የጋሼ ሁለት ጥያቄዎች በእርግጥ አንድ ነበሩ። ኤሌክትሪክ ያለ ሰው የማርሹን ጥያቄ አብሮ ዘግቶታል።

ቤንዚን ቀረ። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ዴንቨር ላይ ሲደርስ 15 በመቶ ገደማ ጎድሎበታል ማለት ነው። ይህንንም በቀይ ጻፍሁ። የማርሹ ነገር ቀላል መሰለኝ። ድሮ የእጅ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል ይባል ነበር፤ ዛሬ በዚህች መኪና ላይ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። አውቶማቲኩ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ እግር ያሳርፋል፤ ኋላ ሲሸጥም ገዢው ይበዛል ብዬ ገመትሁ። «የአገልግሎት ዘመን» በሚለው ዓምድ 10 ዓመት ብዬ ሞላሁና ውሳኔዬን ከግርጌ አሰፈርሁ፦ ቤንዚን፣ አውቶማቲክ። ላክሁለት።

ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ደወለ።

«ጉልበቱን አላሰላኸውም» አለኝ።

«ጽፌዋለሁ እኮ ጋሼ፤ በቀይ። ዴንቨር ላይ 15 በመቶ ይቀንሳል።»

ሳቀ። «የሞተሩን አይደለም ያልኩህ፤ የኔን።»

ያኔ ነው የነገረኝ። የግራ ጉልበቱን ከተቀደደ ስምንት ወር ሆኖታል። እኛን ላለማስጨነቅ ብሎ ደብቆን ነበር። ሐኪሙ ጥቂት ዓመታት እንደሚሄድበት፣ ከዚያ ግን መቀየሩ እንደማይቀር ነግሮታል። ፍሪሲዮን የሚረገጠው ደግሞ በግራ እግር ነው።

«ታዲያ አውቶማቲክ ማለቴ ትክክል ነበራ!» አልሁት፤ ሒሳቡ ስለገጠመልኝ ደስ እያለኝ። አሁን ሳስታውሰው አፍራለሁ።

«አንተ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ፍሪሲዮን የምረግጥበት ጊዜ እያለቀ ስለሆነ እኮ ነው አሁን የምገዛው። አውቶማቲክማ በሰባ ዓመቴም እነዳለሁ።»

አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ኤንትሬ በሚላት ፊያት አሰብ ይመላለሱ ነበር። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋሼን ይዘውት ይወጣሉ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ፣ የልጁን እጅ ከማርሹ ዘንግ ላይ አስቀምጠው የራሳቸውን እጅ ከላይ ይደርቡበታል። «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ይሉታል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። መኪናን ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ሞተሩ ነው። ይህን ትምህርት እኔ አላገኘሁም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣና የአሰብ መንገድ ሲዘጋ እግሬ ገና ከመርገጫው አይደርስም ነበር። አባባም ከዚያ በኋላ መሪ አልጨበጡም።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ወራት ሲያርፉ ጋሼ ለቀብር አልደረሰም። መርዶውን በሌሊት የደወልሁለት እኔ ነኝ። ለካስ ለእርሳቸው መምጫ ብሎ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ ነበረው። አሜሪካ አምጥቶ፣ ጣሪያዋ ክፍት በሆነች መኪና፣ ተራራ ሊያሳያቸው አስቦ ነበር። መኪናዋን የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። እኔ በሠንጠረዤ «የገንዘብ ምንጭ» የሚል ዓምድ ነበረኝ፤ «የግል ቁጠባ» ብዬ ሞልቼው አልፌአለሁ።

ጋሼ ሁለቱንም ዓይነት ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ባለው ሉካውት ማውንቴን በሚባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሞከራቸው። ለእውነት ሲባል ይህም ይነገር፤ አውቶማቲኩም ቁልቁለቱን አሳምሮ ወርዷል። ሹፌሩ ከፈለገ በዝቅተኛ ማርሽ ሊያስይዘው ይችላልና፣ ከደኅንነት አንጻር ጋሼን የሚደግፍ ምክንያት አልነበረም። በከተማው መጨናነቅ ውስጥ ደግሞ በእጅ ማርሹ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ጉልበቱን አሞታል። ሁሉንም ሳይደብቅ ነገረኝ። ከዚያም ባለ ስድስት ማርሽ፣ ቤንዚን፣ ያገለገለች ሚያታ ገዛ። ከተማ ውስጥ አይነዳትም፤ የእሑድ ናት። ጉልበቱ እምቢ ያለ ዕለት ይሸጣታል።

ሠንጠረዤን መልሼ አየሁት። የደመር ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ያለው «የአገልግሎት ዘመን» ላይ ነው፤ የመኪናዋን ዕድሜ ቆጠርሁ፤ ያለቀው ግን የሹፌሩ ጊዜ ነበር። በመሥሪያ ቤቴም ስንት ሰው እንዲህ አስልቼ እንደ ሸኘሁ እንጃ።

እኔ እስካሁን መንጃ ፈቃድ የለኝም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አንድ ቀን የምገዛት መኪና ኤሌክትሪክ፣ ማርሽ አልባ እንደምትሆን ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ባለፈው እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ጋሼ ደወለ። እዚያ ረፋድ ነው። ከተራራው አናት ላይ ጣሪያውን ገልጦ ቆሟል። «ሳትዘጋው አዳምጥ» ብሎ ስልኩን ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ አባባ ሊቀመጡበት በነበረው። መጀመሪያ ነፋሱን ሰማሁ፤ ቀጥሎ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ለአፍታ ሲለቀቅ፣ ከዚያም ማርሹ ገብቶ ድምፁ ከፍ ሲል።

«በስንተኛው ነህ ጋሼ?» ብዬ ጮኽሁ።

«በሁለተኛው» አለ። «የወጣሁትም በሁለተኛው ነው።»