አዲስ ገቢውን ማን ይቀበለው?

ታናሽ ወንድም ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ልጁ ፐብጂ ሞባይል ይጭናል፣ ካርድ ይሞላል፣ ስኳድ ውስጥ ይገባል። ማይኩን ሲከፍት ሦስት የማያውቃቸው ልጆች በዓረብኛ ይንጫጫሉ። ከእኛ አገር የሚገባ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ከመካከለኛው ምሥራቅ ልጆች ጋር ነው የሚደለደለው፤ የሚቀርበን ሰርቨር በዚያ በኩል ነው። ወደ ግራ ሲሉት ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ይጮኹበታል፣ እሱም በአማርኛ ይመልስላቸዋል። ከሳምንት በኋላ ወይ ጌሙን ያጠፋዋል ወይ ደግሞ እሱ ራሱ አዲስ ገቢ ላይ የሚጮህ ይሆናል።

እዚህ ደብረ ታቦር ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ ዝርዝር እያዘጋጀን ነው፦ ኦንላይን ጌም ለሚጀምሩ ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ አቀባበል የሚያደርጉ በጎ ፈቃደኞች ዝርዝር። «ለጌም ደግሞ!» ብሎ የሳቀብን ብዙ ነው። ይሳቅ።

አቀባበል ለዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ፍሬሽ በሚገባበት ሰሞን መናኸሪያ ሄዳችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ነባሮቹ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ከወለጋ ወይም ከሲዳማ ተነሥቶ፣ በወረታ በኩል ሽቅብ ሲወጣ ውሎ፣ 2,700 ሜትር ላይ ብርዱ የተቀበለው ልጅ ከአውቶቡስ እንደወረደ በአፍ መፍቻው የሚጠራው ሰው ሲያገኝ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር አይቼዋለሁ። ነባሩ የሚነግረው ደግሞ ትንሽ ነው፦ ሬጅስትራር የት እንደሆነ፣ ዶርም እንዴት እንደሚያዝ፣ ብርድ ልብስ የት በርካሽ እንደሚገኝ። ትምህርቱን አይነግረውም። ደኅና አድርጎ የሚቀበለውም ብዙ ጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው እንጂ ተመራቂው ጂሲ አይደለም፤ እሱ መጥፋት ምን እንደሚመስል ረስቷል።

በአብነት ትምህርት ቤቱም ያው ነው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ የሚሄድ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ከየኔታ እግር ሥር አይቀመጥም። ቀድሞት የገባው ነው የሚያስጠናው፣ ጎጆ የሚያሳየው፣ የት መንደር ሄዶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት እንደሚሻል የሚነግረው።

ስለዚህ ለዝርዝራችን አንደኛ ደረጃ ተጫዋች አንፈልግም። ባለፈው ዓመት የጀመረ፣ የተሸነፈበትን ምክንያት ገና ያልረሳ ይበቃናል።

ከቋንቋው ጋር ነው የተፋጠጥነው። ቋንቋ የሚችል ሰው ሲባል የሁሉም ዓይን ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ወደ እንግሊዝኛው ያያል። ጌሙ ውስጥ የሚጮኸው ግን ዓረብኛ ነው። ዓረብኛ ያለው ደግሞ ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከቤይሩት በተመለሱ እህቶቻችን ዘንድ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ያ ሁሉ የቋንቋ ችሎታ አገር ከገባ በኋላ የጠየቀው የለም። አንድ ቀን እኛ ከምንጠጣበት ጀበና አጠገብ አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ ሲበሳጭ፣ ቡና የምታፈላው እህት ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ «ኧረ አልሰደቡህም! ተኛ፣ ይመቱሃል ነው የሚሉህ» አለችው። ልጁ ደነገጠ። ለካስ ሰዎቹ ሊያድኑት ነበር።

እሷ በሕይወቷ ጌም ነክታ አታውቅም። እንድትነካም አንጠይቃትም። ከዚያ ወዲህ የዝርዝሩ ቅርጽ ተለወጠ፦ አንድ መስመር ላይ የምንጽፈው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ቋንቋውን፣ ሌላው ጌሙን የሚያውቅ። ሁለቱንም አሟልቶ የያዘ ሰው ስንፈልግ ብንኖር ዝርዝሩ ባዶ ይቀር ነበር።

ችሎታን ለመለካት ከዊኪፔዲያ ተዋስን። እዚያ ጸሐፊዎች በግል ገጻቸው ላይ የሚያውቁትን ቋንቋ በቁጥር ደረጃ ይለጥፋሉ፤ የአፍ መፍቻው ለብቻው ምልክት አለው። እኛ መናገርንና ማንበብን ለየናቸው። ውጭ አገር ተወልዶ አማርኛን እንደ ውኃ እየጠጣ ፊደል የማይለይ ልጅ ሞልቷል፤ ለእሱ በግእዝ ፊደል የተጻፈ መመሪያ መላክ ቀልድ ነው። ማይክ ከፍቶ የሚያናግረው ነው የሚፈልገው።

ሰዓትም ይጻፋል። ይህን አጥብቄ የምለው ታሪኩን ስለማውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ጌም ኡልቲማ ኦንላይን «ካውንስለር» የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት፤ ሥራቸው የተቸገረ ተጫዋች መርዳት ነበር። እየዋለ እያደረ እንደ መደበኛ ሥራ ሆነና እ.ኤ.አ. በ2000 ጥቂቶቹ «ይህ ሥራ ነው፣ ደመወዝ ይገባናል» ብለው ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቆሙት። በሌላ በኩል ደግሞ ኢቭ ኦንላይን በሚባለው ጌም ተጫዋቾች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙት ኢቭ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አዲስ ገቢዎችን እያስተማረ ዓመታት ዘልቋል። እኔ ከሁለቱ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፦ ሰው በሳምንት ሁለት ሰዓት ከሰጠ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሦስተኛውን አትጠይቁት። የደከመው ስሙን ያለ ምክንያት ያስፋቅ። ምላሽ የማይሰጥ ስም ከሌለ ስም ይብሳል፤ አዲሱን ልጅ ሁለት ጊዜ ያሳፍረዋል።

አሁን ወላጆች የሚፈሩት ነገር። ልክ ናቸው። «ላስተምርህ» ብሎ ቀርቦ አካውንት የሚወስድ አለ፣ የጌም ዳይመንድ እሸጥልሃለሁ ብሎ የቴሌብር ፒን የሚጠይቅ አለ። ከእኛ ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰው የይለፍ ቃል፣ በመልእክት የሚመጣ ኮድ ወይም ገንዘብ ከጠየቀ በዚያው ቀን ይወጣል፤ ሽማግሌ የለም። ስልክ ቁጥርም አይለጠፍም፤ ቅጽል ስም፣ ቋንቋና ሰዓት ብቻ። ከልጅ ጋር ለብቻው የሚያወራ የለም፤ ጥንድ ያደረግናቸው ለዚህም ጠቅሟል።

ዝርዝሩ በወረቀትም ይኖራል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋና ወራት ሲቆጠሩ፣ ቴሌግራም ላይ ብቻ የነበረ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ አይተናል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከጆተኒው በላይ ተለጥፏል። ኔትወርክ ሲጠፋ ልጁ ቢያንስ ሰዎቹን በአካል ያገኛቸዋል፤ ኔትወርኩ ካልተመለሰም እዚያው ጆተኒ ይጫወታሉ።

እስካሁን አማርኛ፣ ዓረብኛ፣ እንግሊዝኛና አፋን ኦሮሞ ተሸፍነዋል። ዓረብኛው ማታ ማታ ሰው የለውም፤ እህቶቻችን በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። ትግርኛና ሶማሊኛ ገና ባዶ ነው። ፍሪ ፋየር የሚባለውን ጌም የሚያውቅ ልጅ አለን፣ ከጎኑ የሚቀመጥ ሶማሊኛ ተናጋሪ ነው የጎደለው። ጌም ባትወዱም ግድ የለም። የምትችሉት ኢንቦክስ አድርጉልን፤ ቋንቋውንና ሰዓቱን ብቻ ጻፉ።