ሽፈራው በሁለት ድስት

ዱባይ፣ ካራማ ውስጥ አብረውኝ የሚኖሩት ፊሊፒናውያን የዕረፍት ቀናቸው ሲደርስ ፒናክቤት ይሠራሉ። የሰሜን ሉዞን፣ በተለይ የኢሎኮስ ሰዎች ወጥ ነው። ዱባ፣ ባሚያ፣ ደበርጃን፣ ፎሶሊያና ቆዳው የተሸበሸበ አንድ መራራ አትክልት በአንድ ድስት ይገባሉ። ቁሌት የለም፤ ሽንኩርት እስኪቀላ ቆሞ የሚያቁላላም የለም። አትክልቱ እንዳይፈርስ ማማሰያ አያስገቡበትም፤ ድስቱን በሁለት እጅ ይዘው ይወዘውዙታል እንጂ። የሚያጣፍጡት በባጎንግ፣ በጨው ታሽቶ በተብላላ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ነው። ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶ ሊፍቱ ድረስ ይደርሳል። በጾም ቀን ለእኔ በጨው ብቻ ለየት ያለ ድስት ይጣድልኛል።

አንዳንዴ መጨረሻ ላይ ማሉንጋይ የሚሉትን ቅጠል ይነሰንሱበታል። ሳየው ሽፈራው!

ነገሌ ቦረና፣ እኛ ሰፈር፣ ሽፈራው የነበረው ከኮንሶ የመጡት ጎረቤቶቻችን ግቢ ብቻ ነው። ቅጠሉን ሸምጥጠው፣ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ከተድቦለቦለ ኩርኩፋ ጋር ቀቅለው ይበሉታል። እኛ ልጆቹ “የፍየል ቀለብ” እያልን እንስቅ ነበር። ወተትና ሥጋ የክብር ምግብ በሆነበት ቆላ፣ ቅጠል ቀቅሎ ማቅረብ የችግር ምልክት ይመስላል። ፊሊፒናውያኑ ዘንድ ግን ይህ ቅጠል ከዶሮ መረቅ ጋር ለአራስ ይሰጣል፤ ወተት እንዲያመጣላት። እኛ ለአራስ አጥሚት እንደምናቀርበው ማለት ነው። እነዚያን ጎረቤቶቻችንን እንደ ባለሙያ ማየት የጀመርኩት፣ ዕድሜ ለማኒላ ልጆች፣ ያኔ ነው።

ለዕረፍት ነገሌ ስሄድ ለእናቴ ፒናክቤት ሠራሁላት፤ ያለ ባጎንግ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቲማቲም። ገልጣ አየችውና “በርበሬውስ?” አለች። ሆኖም ዱባውን ለቅማ ጨረሰች። መረቁ ቀጭን ስለሆነ ለእንጀራ አይመችም፤ ሩዝ ወይም ቂጣ ይሻላል።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ የፊሊፒናውያኑ ሽፈራው ሞሪንጋ ኦሌፌራ፣ የእኛ ደግሞ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው፤ ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም። የእነሱ ቅጠል ስስ ስለሆነ እሳቱ ከጠፋ በኋላ በእንፋሎቱ ይበስላል። የእኛው ደንደን ያለ ነው፤ አስቀድሞ ለብቻው ካልተቀቀለ፣ ዱባው ሲፈርስ እሱ ገና ጥሬ ነው።