የዘለልሁት ዙር

የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ሕክምና ለማጥናት ጥቂት ነጥብ አነሰው። ምደባው ወጥቶ ከስሜ ትይዩ «ነርሲንግ» የሚለውን ባነበብሁ ዕለት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ «ጤና ደርሶኛል» አልኋቸው እንጂ የሙያውን ስም አልጠራሁም። አፍሬ ነበር።

ኀፍረቱ ተከትሎኝ ሆስፒታል ገባ። በተግባር ልምምድ ወቅት ዳሌያቸው የተሰበረ አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር በየሁለት ሰዓቱ እንዳገላብጣቸው አዘዘችኝ። ሥራው ክብር የሌለው መሰለኝ። የስምንት ሰዓቱን ዙር ዘለልሁት፤ በቅጹ ላይ ግን እንደ ሠራሁ አድርጌ ፈረምሁ።

ማታ ሲስተር የእናታችንን ገላ ስታይ ከወገባቸው በታች ቆዳቸው ቀልቶ አገኘችው። በጣቷ ተጭና ለቀቀችው፤ ቅላቱ አልጠፋም። የአልጋ ቁስል እንዲህ ይጀምራል። አልጮኸችብኝም፤ ቅጹን አየች፣ እኔን አየች። እማማ ግን «ልጄ ደክሟት ነው» አሉ።

ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ «ይቅርታ ጠየቅሻቸው?» አሉኝ። አልጠየቅሁም ነበር። በማግሥቱ ከአልጋቸው አጠገብ ቆሜ መፈረሜን ጭምር ነገርኋቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለዚህ ሙያ ስትጠይቁኝ ከዚህ ታሪክ የምጀምረው ስለዚህ ነው። በሮቹማ ከአንድ በላይ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ መማር ይቻላል፤ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ ሠልጥኖ፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፎ፣ እየሠሩ ዲግሪውን መቀጠልም ይቻላል። በሁለተኛው በር የገባ ያነሰ ነርስ አይደለም፤ ያቺ ሲስተር በዚያ የገባች ነበረች። ከዲግሪ በኋላም የጨቅላ ሕፃናት፣ የቀዶ ሕክምና ወይም የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርስ ለመሆን በሁለተኛ ዲግሪ መማር አለ። ሙያውን ለናቀ እንደ እኔ ላለ ሰው ደግሞ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት መማራቸውን ማወቅ በቂ ነው።

የሚከብደውንም አልደብቅም። ተረኛ በሆንሁባቸው እሑዶች ቅዳሴ ያመልጠኛል፤ እስከ ዛሬም አልለመድሁትም።

በቅርቡ አንድ ተለማማጅ ተማሪ አንድ ቦታ ባዶ የሆነበትን ቅጽ ይዞ መጣ። «ሲስተር፣ የአሥር ሰዓቱን ረስቻለሁ» አለኝ። አብረን ወደ ሕመምተኛው ሄድን፤ አገላብጠናቸው ቆዳቸውን በጣቱ ተጭኖ እንዲለቅ አሳየሁት።