ዓሣ ሊያዩ የወጡ ሰዎች

ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ጉዳይ አለው። ሰሊጥ ያጭዳል፣ ሰሊጥ ይገዛል፣ ጥጥ ይለቅማል፣ ዕቃ ያሻግራል፣ አለዚያም ራሱ ይሻገራል። ሚስቱንና ልጆቹን መኪና ላይ ጭኖ «እስቲ ትንሽ እንናፈስ» ብሎ ቁልቁል የሚነዳ ሰው ቢገኝ ግን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይመክረዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ወባው አለ፤ ካላዛሩ አለ፤ ካላዛሩን የምታዛምተው የአሸዋ ዝንብም አለች። የጎንደር ቤተሰብ እረፍት ሲያምረው ወደ ጎርጎራ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ውሃና ዓሣ ወዳለበት።

ይሁንና ሰው ቤተሰቡን አስከትሎ፣ በትንሽ ውሃ ውስጥ የታጎረ ዓሣ ከብቦ መቆም የጀመረው የት ነው ተብሎ ከተጠየቀ፣ በጣም ጥንታዊ ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ የሚገኘው እዚያው ማንም ለእረፍት በማይመርጠው ቆላ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር ነው።

ዛሬ ዓሣ የሚጎበኘው በመስታወት በኩል ነው። ትንሽ አኳሪየም ደግሞ የትም ቢሆን ያው ነው። የሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ይቆማል፣ የጥርስ ሐኪም ተራ መጠበቂያ ክፍል ውስጥም አይጠፋም። ከታች ጠጠር፣ ከመሐል የፕላስቲክ ሣር፣ ከጥግ ሳያቋርጥ አረፋ የሚተፋ ፓምፕ፣ በመካከሉ አራት አምስት ብርቱካንማ ዓሣ። ልጅ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። «አባዬ፣ ይሄኛው ለምን አይተኛም?» ይላል። እናት «ኧረ እጅህን አንሳ!» ትላለች። አባት ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ ዓይኑ ወደ ምግብ ዝርዝሩ ይሸሻል። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ዓሣ ጉላሽና ዓሣ ለብለብ አዝዞ፣ ለመስታወቱ ጀርባውን ሰጥቶ ይጎርሳል። ማየትንና መብላትን የለየችው ያቺ ቀጭን መስታወት ብቻ ናት።

መስታወቷን ያመጡት ፈረንጆች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መዝገብ ስለሚወዱ ታሪኳን በዓመተ ምሕረት ከፋፍለው አስቀምጠውታል። የመጀመሪያዋ ባለሙያ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዣን ቪልፕሬ ፓወር የተባለችው ፈረንሳዊት፣ ፓሪስ ላይ ለልዕልት የሠርግ ልብስ ሰፍታ ስሟ ከታወቀ በኋላ ነጋዴ አግብታ ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ገባች። እዚያም መርፌውን አስቀምጣ ወደ ባሕሩ ዞረች። አርጎናውት የሚባለው ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ የተሸከመውን ቅርፊት ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ይሰርቀዋል? በዘመኑ ሊቃውንቱን ያከራከረ ጥያቄ ነበር። እሷ ግን ክርክሩን ትታ እ.ኤ.አ. በ1832 የመስታወት ሣጥን አሠራች፤ እንስሳውን ከነሕይወቱ አስገብታ ተመለከተች። የሚሠራው ራሱ ነው። ሊቃውንቱ ለዘመናት የታመነውን ሌብነት ሰረዙ።

ከዚያ በኋላ ያለው የኬሚስትና የቀረጥ ታሪክ ነው። እንግሊዝ በመስታወት ላይ ትጥለው የነበረውን ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ1845 አነሳችና መስታወት ረከሰ። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1850 ወርቃማ ዓሣ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ ውስጥ አኖረ፤ ተክሉ ለዓሣው ኦክስጅን ሰጠ፣ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ቅጠል በላ፣ ውሃው ሳይቀየር ሰነበተ። እ.ኤ.አ. በ1853 የለንደን መካነ እንስሳት የዓሣ ቤት ከፍቶ ሕዝብ አስገባ። በዓመቱ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ አሳተመ፤ አኳሪየም ያልገዛ የእንግሊዝ ሳሎን እንግዳ ለመቀበል የሚያፍርበት ዘመን መጣ።

ውጤቱን የመዘገበው የጎስ ልጅ ኤድመንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው የልጅነት ትዝታው፣ አባቱ በፍቅር የጻፈላቸው የዴቨን ዳርቻ የዓለት ኩሬዎች ባልዲና መረብ ይዞ በመጣ ተመልካች ተመናምነው ማለቃቸውን በሐዘን ተርኳል። ከበላተኛ የተረፈውን ተመልካች ጨረሰው።

የሽንፋ ገንዳ ኬሚስትም ቀረጥም አላስፈለገውም። ወንዙ ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ከፍታ ተነስቶ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ ድንበሩን ካለፈ በኋላ ራሃድ ይባላል፣ መጨረሻውም ዓባይ ነው። ጎረቤቱ ጓንግ ደግሞ ወርዶ አትባራ ይሆናል። ሁለቱም በክረምት ማንንም የማያሻግሩ፣ ዛፍ ነቅለው የሚሄዱ ጉልበተኞች ናቸው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግን ፍሰታቸው ይቀንስና ይቆማል። በጋው ሲከር ከወንዙ የሚቀረው አሸዋ ነው፤ በአሸዋው መካከል እዚህም እዚያም የተነጣጠለ ኩሬ። የወንዙ ዓሣ ሁሉ እዚያ ይታጎራል። ኩሬው በየሳምንቱ ይጠባል፣ ዓሣው በየሳምንቱ ይጠጋጋል። ጥር ላይ መረብ የሚያስፈልገው፣ ሚያዝያ ላይ እጅ ይበቃዋል።

ይህን በጥንት ዘመን ያወቁት ሰዎች ትተውት የሄዱት ቅሪት እ.ኤ.አ. በ2002 ተገኘ። ቦታው ሽንፋ መተማ 1 የሚል ስም ተሰጠው። ቁፋሮውን የመሩት በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ዋለ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር በየቤቱ በሚሞቅበት ሰሞን፣ ከ74,000 ዓመት በፊት ሽንፋ ላይ ዓሣ ሲበላ እንደነበር ለዓለም ተነገረ።

የተገኘው ብዙ ነው፤ የድንጋይ ፍልጣፊዎች፣ የየብስና የውሃ እንስሳት አጥንት፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ምናልባት የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ የማይቀሩ ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ድንጋዮች። ግምቱ ከጸና ቀስት ሽንፋ ላይ እጅግ ቀደም ብሎ ተወጥሯል ማለት ነው። በቅርፊቱና በእንስሳቱ ጥርስ ውስጥ የቀረው የኦክስጅን ዓይነት ሲመረመር የዚያ ዘመን በጋ ረጅምና ደረቅ እንደነበር ታወቀ። ከሁሉ የሚገርመው ግን በአፈሩ ንብርብር ውስጥ የተገኘው፣ ከፀጉር የቀጠነ የእሳተ ገሞራ ብናኝ ነው። ኬሚስትሪው ሲታይ ከቶባ የመጣ ሆነ፤ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሱማትራ ደሴት። ሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ መተማ ላይ አረፈ።

ቶባ ከ74,000 ዓመት በፊት ሲፈነዳ የሰው ዘር ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር የሚሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከራክረዋል። የሽንፋ ሰዎች ግን ክርክሩን አልሰሙትም። ብናኙ ከመውደቁ በፊት ከተለዩት የእንስሳት ቅሪቶች መካከል ዓሣ 14 በመቶ ነበር፤ ከወደቀ በኋላ 52 በመቶ ሆነ። በጋው ሲረዝም ኩሬው ጠበበ፣ ኩሬው ሲጠብ ዓሣው ቀረበ፣ ዓሣው ሲቀርብ ቤተሰቡ ወደ ውሃው ወረደ። ሌላው ዓለም ጨልሞበታል የሚባለውን ዘመን እነሱ በዓሣ አሳለፉት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ምስጋና የሚገባው አምባዛ ነው። ዋሪንግተን ዓሣውን ለማቆየት ተክልና ቀንድ አውጣ ፍለጋ ሲኳትን፣ አምባዛ ችግሩን ከፈታው ቆይቷል። ከስንጥቡ በተጨማሪ አየር የሚተነፍስበት ልዩ አካል ስላለው፣ ውሃው ደፍርሶ ኦክስጅን ሲያልቅበት ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል። ኩሬው ጭቃ ሲሆን ጭቃ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ሌሊት መሬቱ ከረጠበ ደግሞ በደረቱ እየተሳበ ወደ ሌላ ውሃ ይሻገራል። በአምባዛ ዓይን መስታወት ውስጥ የሚኖረው ወርቃማ ዓሣ ቅምጥል ነው።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ይህን የበጋ ትርዒት በዓይኑ ያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 የዓባይን ገባሮች ሊያጠና ከፍሎረንስ ጋር ወደ አትባራ ወጣ፤ በኋላ ሚስቱ የሆነችው ፍሎረንስ ያን ሁሉ በረሃ አብራው ነው የዞረችው። ወንዙ የለም። ያለው በአሸዋ የተከበበ ኩሬ ነው፤ በኩሬው ውስጥ ዓሣው፣ ኤሊው፣ አዞውና ጉማሬው ተጨናንቀው ክረምትን ይጠብቃሉ። በሰኔ ወር አንድ ሌሊት ከሩቅ የነጎድጓድ ድምፅ ተሰማ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። የነጎደው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ጎርፍ ነው። ሲነጋ ደረቁ አሸዋ ትልቅ ወንዝ ሆኖ አደረ። የለንደኑ የዓሣ ቤት በተከፈተ በስምንተኛው ዓመት፣ የለንደን ሰው ዋናውን ገንዳ አትባራ ላይ አየው ማለት ነው። ቤከር በማግሥቱ ዓመት በመተማ ማዶ በገላባት በኩል አልፏል።

የኩሬ ዓሣ ሁልጊዜ በመልካም እጅ አልገባም። በኢትዮጵያ በብዙ ቦታ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ይነሰነሳል፤ ዓሣው ይደነዝዝና ይንሳፈፋል፤ የሚፈለገውም የማይፈለገውም አብሮ ይለቀማል። ጣና ዳር ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዝ ሲወጣ በዚህ መንገድ መያዙ ተመራማሪዎችን ሲያሳስብ ኖሯል። የዴቨን ተመልካች ባልዲ ነበረው፣ የእኛ ሰው ብርብራ አለው፤ ኩሬው ከሁለቱም አይተርፍም።

የጥንቶቹ የሽንፋ ሰዎችም ቆጣቢዎች አልነበሩም። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት አንዱን ኩሬ ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይወርዱ ነበር፤ ምግብ ቤቱ ሲዘጋበት ጎረቤት ምግብ ቤት እንደሚገባ ደንበኛ። ኩሬ ከኩሬ እየተከተሉ ዝናብ አልባው ወንዝ መንገድ ሆነላቸው። የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው ምድር በለመለመበት ዘመን ነው የሚለውን ሐሳብ የሽንፋ ግኝት የተፈታተነው በዚህ ነው፤ በደረቅ ዘመንም የኩሬ መንገድ ይዞ መውጣት ይቻል ነበር። የሽንፋ ቤተሰብ ዓሣ ፍለጋ ሲወርድ ሳያውቀው ዓለምን የሚሞላ ጉዞ ላይ ሊሆን ይችላል።

መንገዱ ከዚያ በኋላም ሰው አላጣም፤ ዓሣ ግን የሚከተል የለም። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያና ወደ ሜዲትራኒያን የሚያልሙ ወጣቶች ለዓመታት አልፈውበታል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲቀሰቀስ ደግሞ አቅጣጫው ተገለበጠ፤ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የዚህ ቆላ ነዋሪ ሰው ሲመጣና ሲሄድ ማየት ለምዷል።

ለዚህ ሁሉ አንድ ትንሽ የመስታወት ሣጥን አይበዛበትም። ጎንደር ወይም ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ፣ በትምህርት ቤት ወይም በባህል ቢሮ ጥግ፣ የሽንፋ አምባዛ የሚዋኝበት አንድ ገንዳ ቢቆም፣ ከጎኑ የእነዚያ ትንንሽ ድንጋዮች ቅጂና የቶባ ታሪክ በአጭሩ ቢለጠፍ፣ ልጆች ስለ ራሳቸው ወንዝ ከለንደን ሳይሆን ከራሳቸው ደጅ ይማራሉ። ወጪው ከአንድ ግብዣ አይበልጥም። ጥገናውም ቀላል ነው፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም ወርቃማው ዓሣ ይሞታል፣ አምባዛ ግን ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና መብራቱ እስኪመጣ ይጠብቃል።