ቅጠሉን ሲከተሉ ዛፉን ማጣት

ዛፍ ለመሣል የተቀመጠ ሰው ከቅጠሉ ይጀምር ወይስ ከግንዱ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሥዕልን ብቻ ሳይሆን መማርን ራሱን የሚነካ ነው። ስለ ሳሎሞን ጌስነር ስናነብ ያቆመን ይኸው ጥያቄ ነው።

ጌስነር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1730 በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ተወለደ፤ በ1788ም እዚያው ሞተ። አባቱ መጻሕፍት አሳታሚና ነጋዴ ነበር። እርሱም በ1756 ስለ እረኞች ኑሮ የጻፋቸውን «ኢዲለን» የተባሉ ድርሰቶች አሳትሞ በአውሮፓ ታወቀ። በሠላሳ ዓመቱ ገደማ ግን የሚስቱ አባት ያከማቻቸው ሥዕሎች የቀድሞ ፍቅሩን ቀሰቀሱበትና የኅትመት ሥዕል ሠሪ ሆነ።

የሥራው ስልት እንዲህ ነው። የመዳብ ሰሌዳ ሰም ባለበት ቅባት ይለበጣል፤ በመርፌም ይጫራል። አሲድ ሲፈስበት መርፌው የገለጠውን ብቻ ይበላል፤ በተበላው መሥመር ቀለም ገብቶ በወረቀት ላይ ይታተማል። ቀድሞ በሰም ወረቀት ላይ እየጫረ መጽሔት ያባዛ ተማሪ ይህን ሥራ ፈጽሞ እንግዳ አይለውም።

ጌስነር በ1770 ስለ መልክዐ ምድር ሥዕል ባወጣው ደብዳቤ የተማረበትን መንገድ ሳይደብቅ ይነግረናል። መጀመሪያ ተፈጥሮን እንዳለች ልቅዳ ብሎ ወጣ፤ እያንዳንዱን ቅጠልና ሣር ሲከተል የጠቅላላው መልክ ጠፋበት። ስለዚህ ወደ ቀደሙት ሠዓልያን ዞረ፤ ሆኖም ለአንዱ ብቻ አላደረም። ዛፍን ከዋተርሎ፥ ቋጥኝን ከቤርኸምና ከሳልቫቶር ሮዛ፥ የሩቁንና የቅርቡን ስምምነት ከክሎድ ሎሬን ተማረ። ከዚያም ዳግመኛ ወደ ተፈጥሮ ሄደ፤ አሁን ግን ዓይኑ መምረጥን ያውቅ ነበር።

በሥዕሎቹ ላይ የምንጭ ቈነጃጅት ይታጠባሉ፤ የፍየል እግር ያላቸው የግሪክ የጫካ አማልክት ዋሽንት ይነፋሉ፤ የሚደክም የለም። እርሱ ራሱ ከ1781 ጀምሮ ለዙሪክ ማገዶ የሚሰጠው የሲል ደን የበላይ ተመልካች ነበር። ሆኖም መጥረቢያ ይዞ የሚያልበው ሰው የሥዕሎቹ ባለ ክብር አልሆነም። ይህን ጕድለት ነው እንላለን፤ ድካም የሌለበት ገጠር ከገበሬ ልጅ ዓይን አይሰወርምና።

ታዲያ ሰውየውን እንተወው? አይደለም። ታላቅን ማክበር ማለት ያለውን ሁሉ መሸከም እንዳልሆነ ያሳየን እርሱ ነው። ከዋተርሎ ዛፉን ብቻ እንደ ወሰደ፥ እኛም ከጌስነር እረኞቹን ትተን አካሄዱን ብንወስድ ደቀ መዛሙርቱ ነን።