የጎጃም ቅርስ በዕቃ ቤቱ ይታይ

የጎጃምን ቅርስ መጎብኘት ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ በቀጥታ ወደ ጣና ዳርቻ ይሄዳል። ባሕር ዳር ማደር፣ በማለዳ ጀልባ መሳፈር፣ ዘጌ ወርዶ በቡናው ጫካ ውስጥ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት መሄድ፣ ሥዕሉን አይቶ ከሰዓት በኋላ መመለስ። መልካም ጉዞ ነው፤ የሚያሳዝነው እዚያው ማለቁ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ሲወጣ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅ ማርያምን፣ መርጡለ ማርያምንና ደብረ ኤልያስን የያዘው ይህ ደጋ ግን ምሳ ተበልቶበት የሚታለፍ አገር ሆኗል። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ደጋግሞ የሚነሣ ሐሳብ አለ፦ በየገዳሙና በየደብሩ የተበተነው ቅርስ በአንድ ትልቅ ከተማ፣ በአንድ ዘመናዊ ሙዚየም ይሰብሰብ፤ ያኔ ጎብኚው በአንድ ቀን ሁሉን ያያል፣ ቅርሱም ከሌባ ይጠበቃል። ሐሳቡ የሚመጣው ከቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ለምን እንደሆነ ልዘርዝር።

መጀመሪያ ዕቃ ቤት የምንለው ምን እንደሆነ እናስተውል። ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የቆመ ጠባብ ቤት ነው፤ መስኮቱ ትንሽ፣ ቁልፉ ከቄሰ ገበዙ እጅ የማይለይ። ውስጡ የብራና መጽሐፍ ከነቆዳ ማኅደሩ በግድግዳው ችንካር ላይ ተንጠልጥሏል፤ መስቀል በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፤ የነገሥታት ስጦታ የሆነ ዘውድና ካባ ከከበሮና ከጸናጽል ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከመጽሐፎቹ አንዱን ገልጦ ያየ ሰው የገጹ የታችኛው ጥግ በአውራ ጣት ብዛት ጠቁሮ፣ እዚህም እዚያም የጧፍ ሰም ነጥቦ ያገኘዋል። ይህ ጥቁረት የሚነግረን መጽሐፉ ዛሬም በሥራ ላይ እንዳለ ነው። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል ስማቸው የገነነው በተማሪ ነው፤ የቅኔው፣ የዜማውና የትርጓሜው መምህር እዚያው ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር ኖሯል። መጽሐፉን ከዚያ አንሥቶ ከመስታወት ኋላ ማስቀመጥ ብራናውን ያተርፍ ይሆናል፤ አንባቢውን ግን ያሳጣዋል፤ ግእዙን የሚያነብ ሰው የሌለበት መጽሐፍ ደግሞ ለተመልካቹ የቆዳና የቀለም ዕቃ ብቻ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ የማገኘው በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ካለው ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል ነው። በእንጨት ገበታ ላይ የተሳለ ነው፤ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን እንደሚባል፣ ጊዜው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ዘመን እንደሆነ፣ የገዳሙ አበ ምኔትም ይስሐቅ እንደነበረ ጽሑፉ ይነግረናል። ከዚያ ዘመን የሠዓሊ ስም ይዞ የደረሰን ሥዕል በጣም ጥቂት ነው። ማሪሊን ሄልድማን እ.ኤ.አ. በ1994 በፍሬ ጽዮን ላይ መጽሐፍ ልታሳትም የቻለችው ይህ ሥዕል ከነጽሑፉና ከነገዳሙ ስለቆየ ነው። በአሜሪካ ባልቲሞር በዎልተርስ ሙዚየም ያለውን ሥዕል የዚሁ ሠዓሊ ተከታይ እጅ ነው ለማለት የተቻለውም በዚህ መነሻነት ነው። የባልቲሞሩ ሥዕል በጥሩ ብርሃን፣ በጥሩ አየር ተጠብቆ ይታያል፤ ማንነቱን ያገኘው ግን ቦታውን ካልለቀቀው ሥዕል ነው። በጎጃም ዋፋ ኢየሱስ የተገኘው የቬኒሱ ሠዓሊ የብራንካሊዮን ፊርማ ያለበት ሥዕልም እንደዚሁ ነው፦ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አንድ ጣሊያናዊ በዚህ ምድር የማን እንግዳ፣ የማን ሠራተኛ ሆኖ እንደኖረ ለመከታተል ሥዕሉ የተገኘበት ደብር ራሱ ምስክር ነው።

የግድግዳው ሥዕል ነገር ከዚህም ይከፋል። በክቡ ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ሥዕሉ የሚሳለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጥጉ ሲላቀቅ ከሥሩ ጭድ የተቀላቀለበት ምርግ ይታያል። ይህ ሥሪት ሥዕሉን ለመንቀል ቀላል አድርጎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1932 የማርሴል ግሪዮል የፈረንሳይ ጓድ ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ነቅሎ በምትካቸው ቅጂ ትቶ ሄዷል፤ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። እንክብካቤ አላጡም። ሆኖም የመቅደሱ ሥዕል በሥርዓት የተደረደረ ነው፤ ሰይፍ የመዘዙት ሊቃነ መላእክት በር ላይ የሚሳሉት በር ስለሚጠብቁ ነው። በሌላ ከተማ ግድግዳ ላይ የሚጠብቁት በር የለም። ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሳለችውም በገዛ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ነው፤ ያንን ሥዕል ለብቻው ያየ ሰው አንዲት የተደፋች ሴት ያያል፣ ደሴቱን በጀልባ ተሻግሮ በደጁ የገባ ግን የሠራችውን ከነሠሪዋ ያያል።

መርጡለ ማርያም ላይ ክርክሩ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ድንጋይ አይነሣም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ያሠራችው፣ በግራኝ ጦርነት የተቃጠለው፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን እጅ እንደገና የተነካው ሕንጻ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። ግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ሐረግና አበባ ያስተዋለ ሰው በአንድ ግንብ ላይ የእሌኒን ዘመን፣ ጦርነቱንና የሃይማኖት ክርክሩን አብሮ ያያል። ደብረ ማርቆስም እንዲሁ ነው፦ በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የካፋ ንጉሥ ተብለው የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥትና የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ለቅርብ መሆናቸው የከተማዋን አመሠራረት ያስረዳል።

አሁን ወደ ተቃውሞው። ትልቁ ስርቆት ነው፤ እውነት ነው፣ ያስፈራል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከዓመታት በኋላ ከቤልጂየም መመለሱን ሁላችን እናውቃለን። ግን እንዴት እንደተመለሰ እናስብ፦ መስቀሉ ስም አለው፣ ፎቶ አለው፣ አገር ያውቀዋል። ሌባን የሚያደልበው ማንም ያልመዘገበው ዕቃ ነው፤ ተመዝግቦና ፎቶ ተነሥቶ የተያዘን ዕቃ ለሐራጅ ማቅረብ ይከብዳል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በባለቤቱ ላይም ቅርሱን የመጠበቅ ግዴታ ይጥላል፤ ሕጉ አለን፣ የጎደለው በየዕቃ ቤቱ ገብቶ የመመዝገብ ትጋት ነው። እንደሚቻል ደግሞ ጣና ራሱ ያሳያል። ጀርመናዊው ሊቅ ኧርነስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የጣናን ገዳማት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቶ ካታሎግ አሳተመ፤ መጻሕፍቱ በቦታቸው ቀሩ፣ ይዘታቸው ግን ለዓለም ተመራማሪ ደረሰ። በአንድ ቦታ መሰብሰብ ዋስትና ነው ለሚለውም መቅደላን አነሣለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት መጻሕፍቱን ሰብስበው መቅደላ አከማቹ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ በየደብሩ መዞር አላስፈለገውም። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ወደ 350 የሚጠጉ የመቅደላ ብራናዎች አሉ።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ተቃውሞ የሴቶች ነገር ነው። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም፤ እንግዲህ ቅርሱ በቦታው ብቻ ይታይ ካልን ግማሹ ሕዝብ የፍሬ ጽዮንን ሥዕል በዓይኑ አያየውም። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም፤ የገዳም ሥርዓት የሚለወጠውም በእኔ አስተያየት አይደለም። ቢሆንም ከሥዕሉና ከደሴቱ መካከል የሚሠራ ነገር አለ። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ለሴቶች ክፍት ናት፤ መነኮሳቱ ከፈቀዱ የገዳማቱ ጥቂት ንዋያተ ቅድሳት እዚያ ወይም በጀልባው መውረጃ በሚሠራ ቤት በተወሰነ ጊዜ ሊታዩ ይችላሉ፤ የማይወጣውም በጥሩ ፎቶ። ውሳኔው የገዳሙ ነው፤ ያ ግን ጎረቤት ለጎረቤት የሚደረግ ምክክር ነው፣ ዕቃውን አገር አቋርጦ መውሰድን አይጠይቅም።

ንዋየ ቅድሳት ለጉብኝት መቅረቡ ራሱ ድፍረት ነው የሚሉ አባቶችም አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ዘውዶቹንና መጻሕፍቱን ለጎብኚ ማሳየቱ ግን ቅዳሴውን አላስታጎለም። የሚታየውንና የማይታየውን የሚለየው ካህኑ እስከሆነ ድረስ ታቦቱ በመንበሩ፣ ዘውዱ በዕቃ ቤቱ ይከብራል። እርጥበት፣ ምስጥና አይጥ ደግሞ በክርክር አይሸነፉም፤ ጣሪያ ይጠገናል፣ ብረት ሣጥን ይገዛል፣ መጽሐፉ ከግድግዳው ራቅ ይደረጋል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ማን ይጎበኛል የሚል አይጠፋም። ለእኔ የመጀመሪያው ጎብኚ ከሩቅ የሚመጣው አይደለም፤ የብቸና፣ የሞጣና የደብረ ማርቆስ ተማሪ ነው። ቄስ አዳሙ ተስፋው ከብቸና አካባቢ ወጥተው አዲስ አበባ ሠዓሊ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራቸው ሎስ አንጀለስ በፋውለር ሙዚየም በትልቅ ዐውደ ርእይ ታየ። ያ የሥዕል ሥርዓት ያደገበት አገር ልጅ የአያቶቹን ሥዕል በመጀመሪያ በስልክ መስኮት እንዲያየው መፍቀድ የለብንም። ሥራውም ሰላም እስኪሰፍን እጅ አጣጥፎ የሚጠበቅ አይደለም። ከየደብሩ ሁለት ዲያቆናት መርጦ ፎቶ ማንሣትና መመዝገብ ማስተማር ለደብረ ማርቆስና ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ከአቅም በላይ አይሆንም፤ መንገድ ሲዘጋም ዲያቆናቱ እዚያው ናቸው። መዝገቡ ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ከቄሰ ገበዙ ዘንድ፣ ሌላው ከቅርስ ባለሥልጣን ይቀመጥ፤ ቁልፉ ግን ካለበት እጅ አይውጣ።